«ዋ!» ያለው አባት

ባለፈው ዓርብ ሞጣ ውስጥ ጸጉር ቤት ገብቼ፣ ተራዬ ደርሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ሠሪዋ ልጅ ከኋላዬ ሆና አንዲት ጠርሙስ ከፈተችና መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ሽታው ገና አፍንጫዬ ከመድረሱ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጅቷ በመስታወቱ አይታኝ ክው አለች።

«እትዬ፣ ምነው? አቃጠለዎት እንዴ?»

«ኧረ ምንም አላቃጠለኝ፣ የኔ ዓለም። ምንድን ነው እሱ?»

«የኮኮናት ዘይት ነዋ! አያውቁትም?»

አላውቀውም! እኔን ነው እንግዲህ የምትጠይቀው። አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው ልላት አልኩና ተውኩት። ራሴን ሰጥቻት ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ እያሸች ስለ ጸጉር መሰባበር ታወራለች፤ እኔ ግን ሞጣ አልነበርኩም። ቢቸና፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ነበርኩ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከተማው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኛም ልጆቻቸው «የኔታ» ነበር የምንላቸው። ቃል ነፍሳቸው ነው። ሰው ሲያወራ ወሬውን ትተው ቃሉን ይይዛሉ። እማዬ «ምሳው ገና ነው» ስትላቸው «ገና ከሆነማ ዶሮው የታለ?» ይሏትና ብቻቸውን ይስቃሉ። እማዬ ያንኑ ቀልድ ስንት ዓመት እንደሰማችው እንጃ፤ ቢሆንም ፈገግ ትልላቸው ነበር። አንድ ቃል ሁለት ነገር ይዞ ሲያገኙት ደስታቸው ለብቻው ነው። ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩም የሚሉት ይኼንኑ ነው፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ ከሥሩ የተሸሸገው ወርቅ።

ታዲያ ቃል የሚወድ ሰው ቃሉን መብላት አይሆንለትም። የኔታ ማሉ ማለት ማሉ ነው፤ አበቃ።

በግቢያችን ጥግ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት የሚኖሩት ተከራዮቻችን ህንዶች ነበሩ። ባልየው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ስሙ ሰልቫም ነው፤ ለቢቸና ምላስ አልመች ስላለ «ቲቸር ሰላም» ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ካማላ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ጸጉሯ ወገቧን የሚያልፍ ሴት። ሁለቱም ሥጋ የሚባል ነገር በአፋቸው አይዞርም። እማዬ ይኼን ባየች ጊዜ «ወይ ጉድ! ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ ባልና ሚስት! እነዚህስ የተሰወሩ ጻድቃን ናቸው» ብላ ደመደመች። ትንሽ ግራ ያጋባት ወተት ሲጠጡ ያየች ዕለት ነው። እሱንም «ያገራቸው ጳጳስ ፈቅዶላቸው ይሆናል» ብላ አለፈችው።

የመጡ ዕለት የሆነውን አልረሳውም። ካማላ ደጃፏ ላይ ቆማ እኔን አየችኝ። እጇን ዘረጋች፤ መዳፏን ወደ መሬት ደፍታ ጣቶቿን እያጠፈች እየዘረጋች፣ ዓይኗን አፍጥጣ «ዋ! ዋማ፣ ዋ!» አለችኝ።

እጇን ማን ልብ ይላል! «ዋ» ሲባል የኛ አገር ልጅ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዋ! ትነኪና! ዋ! ትወጪና! ከ«ዋ» ቀጥሎ የሚመጣው ቁንጥጫ ነው። እግሬ አውጪኝ ብዬ እማዬ ጉያ ገባሁ።

«አስፈራራችኝ!»

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ምንም!»

«ሰው በከንቱ ዋ አይልም፣ ብርቄ» አለች እማዬ፣ ጭራሽ በኔ ላይ።

ታላቅ እህቴ እናኑ፣ እኔ «እታለም» የምላት፣ ያኔ ገና አላገባችም ነበር። ከካማላ ጋር ወዲያው ተላመዱና አማርኛ ታስተምራት ጀመር። «ነይ»፣ «ሂጂ»፣ «ውኃ»፣ «እሳት»። ከዚያ በኋላ ካማላ እኔን የምትጠራኝ «ነይ» ብላ ነው፤ «ዋ» ብላኝ አታውቅም። እኔ ግን ያቺን የመጀመሪያ ዕለት «ዋ» በሆዴ ይዣት ቀረሁ። ሴትዮዋ አንድ ያየችብኝ ጥፋት አለ ብዬ ሳስብ ከረምኩ።

በጥር እታለም ተዳረች። ሙሽራው ሞጣ ውስጥ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው፤ በሰማንያ፣ በብዙ ሰው ፊት፣ በእልልታ። መልሱ፣ ሙሽሮቹ ወደኛ ቤት መጥተው የሚጋበዙበት ድግስ፣ ለዳግማ ትንሣኤ ተቀጠረ። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተሰጥቶ እማዬ ጉድ ጉድ ትላለች። መልሱ ሳይደርስ እታለም ራሷ ተመለሰች። ከሞጣ አውቶቡስ ወርዳ፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ፣ አንዲት ቦርሳ ይዛ በራችን ላይ ቆመች።

እኔ በደስታ ጮህኩ። «እታለም! መልሱ ዛሬ ነው እንዴ?»

ማንም መልስ አልሰጠኝም። የኔታ ወጡ፤ ጎረቤቱም አጥር ሥር ተሰበሰበ።

«ባልሽስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማን አመጣሽ?»

«ራሴ መጣሁ፣ የኔታ። ተመልሼ አልሄድም።»

«ምን ሆነሽ?»

እታለም አንገቷን ደፋች። ያን ሁሉ ጆሮ እያየች ምን ትበል? የኔታ ዝምታዋን ጥፋት አደረጉት። እኔ እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ማርያምን! ‘ነይ ግቢ’ የሚል ቃል ካፌ አይወጣም! በሰው ፊት ሰጥቼሻለሁ፤ ቤትሽ ሞጣ ነው!»

በሩ ተዘጋ። እታለም እዚያው ቆመች። ያን ጊዜ ካማላ ከቤቷ ወጣች። የተባለውን አልሰማች፣ ማሐላ አታውቅ። ቦርሳዋን በአንድ እጇ አነሳች፣ በሌላው እጇ እታለምን ያዘችና ይዛት ገባች። የኔታ አከራይተውታልና ቤቱ የሳቸው አይደለም፤ ምንም ማለት አልቻሉም። እግዜር ይስጣት፣ ካማላ። ያን ዕለት እሷ ባትኖር እህቴ የት ታድር ነበር?

እንዲህ ሆኖ እታለም ግቢያችን ውስጥ እየኖረች ቤታችን ሳትገባ ከረመች። ከፋሲካ ማግስት እስከ ሰኔ ደጃፍ የኔ ሥራ ሰሃን ማመላለስ ሆነ። እማዬ ምግቡን በሌላ ሰሃን ከድና፣ የኔታ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ይኼን ለካማላ አድርሺ!» ትለኛለች። «ለካማላ» ማለት ለእታለም ማለት መሆኑን ዶሮዎቹም ያውቁታል። አንድ ቀን ከሰሃኑ የሥጋ ወጥ ሽታ ወጣ።

«ካማላ ሥጋ ጀመረች እንዴ?» አሉ የኔታ፣ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ።

«ሃምሳው እኮ ነው፣ የኔታ» አለች እማዬ። «በሃምሳው ማን ይጾማል?»

የኔታ «እንግዲያስ እንጀራ ጨምሪላት» አሉና ገጹን ገለጡ። እኔ ይኼንን ሰምቼ ለካ የኔታ ካማላን እንዲህ ይወዷታል አልኩ።

የካማላ ቤት ለኔ ሌላ አገር ነበር። ሰናፍጭ የጋለ ዘይት ውስጥ ስትጥል እየተንጣጣ እስከ ጣሪያ ይዘላል፤ እኔና እታለም ጠረጴዛ ሥር ገብተን እንስቃለን። ግድግዳው ላይ አበባ የለበሰ ሥዕል ተሰቅሏል። መስኮቱ ላይ ያቺ የዘይት ጠርሙስ አለች። በቢቸና ጠዋት ዘይቱ ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ካማላ ፀሐይ ላይ አውጥታ ታቀልጠዋለች። እማዬ መጀመሪያ ስታየው ሞራ መስሏት ስለ ጻድቃኖቿ ተጨንቃ ነበር። እኔ አሽትቼ «ጣፋጭ ነው፣ ሞራ አይደለም» ብዬ መስክሬ ገላገልኳት።

አንድ ጠዋት ካማላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እታለምን እግሯ ሥር አስቀመጠቻት። እታለም ከመጣች ጀምሮ ሻሿን ከራሷ አውርዳ አታውቅም። ካማላ ቀስ ብላ ፈታችው፤ ዘይቱን እጇ ላይ አድርጋ ጸጉሯን ከፈለችና እጇ ባለበት ቀረ። ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ጸጉር የሌለበት፣ ገና በቅጡ ያልሻረ ሰፊ ቁስል አለ። ሰሃኔን እንደያዝኩ ጠጋ ብዬ አየሁት። ትምህርት ቤት ልጆች ራስ ላይ የማውቀው አንድ ነገር ስለነበረ፣ እሱ ነው አልኩ። ዘይቱም መድኃኒቱ ነው።

«እታለም፣ ሞጣም ቆረቆር አለ?»

«አለ፣ ብርቄ» አለችኝ፣ ሳትዞር። «የሞጣው ቆረቆር ዱላ ይይዛል።»

አልገባኝም። ቀና ስል የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ ከኋላችን ቆመዋል። የእህቴን ራስ ያያሉ። ካማላ ሰውን ሁሉ «እሱ» ነው የምትለው፤ ላሚቱም እሱ፣ እማዬም እሱ። ያን ዕለት ግን አልተሳሳተችም። ቀና ብላ አየቻቸውና «እሱ፣ ባል። እንጨት» አለች፤ በቡጢዋ የገዛ ራሷን መታ አድርጋ አሳየቻቸው።

የኔታ ቤት ገቡ። ምሳ ቀርቦ አልበላም አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ስሰማ እማዬ ትለምናቸዋለች።

«ንስሐ አባትዎ ይፍቱዎት። ማሐላ እኮ ይፈታል።»

«ለነዚያ ልጆች ‘ቃል ጠብቁ’ እያልኩ የምውል ሰው፣ ጎረቤት አቁሜ የማልኩትን በጓዳ ልፍታ?» አሉ የኔታ። ከዚያ ድምጻቸው ተሰበረ። «ምነው ያን ዕለት ምላሴን በቆረጠልኝ።»

አባት እንዲህ ሲል መስማት ለልጅ ከባድ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከሞጣ መልእክት መጣ፤ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው የባልየው ሽማግሌዎች እታለምን ሊወስዱ ይመጣሉ ተባለ። እታለም ሰምታ ልብሷን አጥባ አሰጣች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ካማላ ፊልም ልታሳየን ጠራችን። ቴሌቪዥንና ዴክ ነበራቸው። ቢቸና ላይ ያኔ ቪዲዮ ቤት አለ፤ እኛ ሴት ልጆች ባንገባም የህንድ ፊልም ሙዚቃ መንገድ ድረስ ይሰማል፤ ወንዶቹም ወጥተው ዘፈኑንና ድብድቡን ያሳዩናል። ስለዚህ እኔ የቆዳ ጫማዬን አድርጌ፣ ጭፈራ ላይ እንደሚሄድ ሰው ተዘጋጅቼ ገባሁ።

ፊልሙ ጀመረ። ጥቁርና ነጭ! አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ያወራሉ። አሁንም ያወራሉ።

«ጭፈራው መቼ ነው?» አልኩ።

ቲቸር ሰላም ሳቀ። «ይሄ የድሮ ነው፣ ብርቄ። ፊልም መናገር በጀመረ ሰሞን የተሠራ፣ በኛ ቋንቋ፣ በታሚል። እናቴ ልጅ ሆና ያየችው ነው። የሰው ኑሮ ነው የሚያሳየው፤ የቤት ነገር። የኛ አገር እናቶች ሁሉ አልቅሰውበታል።» ይኼን ብሎን፣ ካሴቱን አስተካክሎልን እሱ ጉዳይ አለኝ ብሎ ወጣ።

ትርጉሙ ለካማላ ቀረ። «እሱ አባት» ትላለች። «እሱ ልጅ። ልጅ አገባ። ሩቅ ሄደ። ባል መጥፎ። አባት አያውቅ።» ልጅቷ በሀብታም ቤት ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ አማቷ ትጮህባታለች። ባልየው እጁን ሲያነሳ እታለም ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። ካሴቱ ያረጀ ነው፤ ሰዎቹ አንዳንዴ ለሁለት ይቆረጣሉ፤ ራሳቸው ከታች፣ እግራቸው ከላይ ይሆናል። እኔ የህንድ አገር ተአምር ነው ብዬ ዝም አልኩ።

የኔታ ፊልም አያዩም። ሆኖም ያን ዕለት መደባቸውን ትተው ከካማላ መስኮት ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እማዬ ስትጠይቃቸው «ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው» ብለዋታል። ፀሐዩ እኮ በዚያ ሰዓት በወዲያኛው በኩል ነው!

ወደ መጨረሻው ላይ ልጅቷ ከባሏ ቤት ሸሸች። ዝናብ ይወርድባታል። «አባት፣ በር ዘጋ። አባት፣ ቃል አለ። አይገባም ብሎ» አለች ካማላ። እታለም ወደፊት ተጠጋች፤ እጇ የኔን እጅ ጨምቆ አሳመመኝ። ልጅቷ የአባቷ ደጅ ደረሰች። እዚህ ላይ ምስሉ ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ጠፋ። ማያው ነጭ በነጭ ሆኖ ሹሹ ይላል፤ ድምጹ ብቻ ቀረ። በር ተንኳኳ። ዝናቡ ይሰማል። በር ሲከፈት ሲጥ አለ። ዝም። ከዚያ የሽማግሌው ድምጽ መጣ፤

«ዋ!»

 እንደገና «ዋ! ዋማ!» አሉ፣ ጎርነን ብለው። ልጅቷ እሪ ብላ ስታለቅስ ተሰማ፤ ሙዚቃ መጣና አለቀ።

እታለም ተነስታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሮጠች። ልቅሶዋ ከፊልሟ ልጅ ልቅሶ ጋር አንድ ነበር። ካማላ ግራ ገባት። «ለምን? ለምን? ጥሩ ነው! መጨረሻ፣ ጥሩ!» ትላለች። ምኑ ነው ጥሩው? ልጅቱ በዝናብ መጥታ፣ አባቷ ዋ ብለው ሲያባርሯት? ንድድ አለኝ። ይህች ሴት ድሮም ዋ ትወዳለች ብዬ ወጣሁ። ውጭ የኔታ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

«እሱም ምሎ ኖሯል፣ ምስኪን» አሉ፣ ለራሳቸው።

በማግስቱ ሰሃን ይዤ ስሻገር የኔታ ቲቸር ሰላምን በሩ ላይ አቁመውታል። ያው ቃል ነው የያዛቸው።

«ቲቸር ሰላም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትናንት ያ ሽማግሌ ‘ዋ’ ሲል ሰማሁት። ይቺ ቃል ከኛ ነው ወደናንተ የሄደችው ወይስ ከናንተ ነው ወደኛ የመጣችው?»

«የትኛዋ ቃል፣ የኔታ?»

«ዋ!» አሉ፣ ሌባ ጣታቸውን ቀስረው። ቲቸር ሰላም ሳያስበው ወደኋላ አለ።

«አይ፣ የኔታ! የኛ ሌላ ነው። በታሚል ‘ዋ’ ማለት ‘ና’ ማለት ነው። ሴት ከሆነች ‘ነይ’። አባትየው እኮ ልጁን ‘ነይ’ ነው ያላት። ‘ነይ፣ ልጄ፣ ግቢ’።»

«ነይ?»

«ነይ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የእናቴ ቋንቋ ነው እኮ፣ የኔታ!»

የኔታ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ዋ… ዋ… አንዴ ቆጣ ብለው፣ አንዴ ለስለስ አድርገው። ተማሪ ጥሩ ቅኔ ሲያመጣላቸው ፊታቸው እንደሚፈካ እንደዚያው ፈካ። «ሰሙ ማስፈራሪያ፣ ወርቁ ጥሪ» አሉና ቲቸር ሰላምን ጨብጠው፣ እጁን አልለቅም ብለው አስጨነቁት። ትምህርት ቤት ረፍዶበታል፣ ሰውዬው!

እኔ በረርኩ። «እታለም! ዋ ማለት ነይ ማለት ነው! ሽማግሌው አላባረሯትም! ነይ ነው ያሏት!»

እታለም አቅፋ ይዛኝ ብዙ ቆየች። «የህንዱ አባት ነው እሱ፣ ብርቄ» አለችኝ በኋላ፣ ቀስ ብላ።

እዚያው ቆሜ ነው የመጀመሪያው ዕለት ነገር የበራልኝ። ለካ ካማላ አላስፈራራችኝም። እየጠራችኝ ነበር! አገሯን ለቃ የመጣች ሴት መጀመሪያ ያየችውን ልጅ ነይ ብትል፣ ልጅቱ ሸሸቻት። ካማላ ምድጃው ዘንድ ነበረች፤ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«ዋ በዪኝ» አልኳት።

«ምን?»

«ዋ በዪኝ፣ እንደ በፊቱ።»

ሳቀች። ማማሰያዋን አስቀምጣ፣ እጇን እንደዚያ ዕለት ዘረጋች። «ዋማ፣ ዋ።» ሄጄ ደረቷ ላይ ተለጠፍኩ። ጸጉሯ ያ ዘይት፣ ያ ዘይት ይሸት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ሦስት ሆነው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው መደቡ ላይ ተደረደሩ። ነገሩን የያዙት ረጅሙ፣ አፋቸው የሚጣፍጥ ሰው ናቸው። ባልየው ተጸጽቷል አሉ፤ ከእንግዲህ እጁን አያነሳም አሉ። የኔታ መሬት መሬት እያዩ ሰሙ።

«እንግዲህ የኔታ» አሉ ረጅሙ ሽማግሌ፣ «ቃልዎን ቢቸና ሰምቶታል፣ ሞጣም ደርሶናል። ‘ነይ ግቢ’ የሚል ቃል ካፌ አይወጣም ብለው በማርያም ምለዋል። አባቷ ካልጠራት ቤቷ የባሏ ቤት ነው።»

«ምያለሁ» አሉ የኔታ። «ማሐላዬንም አላፈርስም።»

እማዬ ጓዳ ውስጥ «እኔን! እኔን ልጄን!» ስትል ሰማኋት። 

እታለም ከካማላ ቤት ወጣች። ያቺኑ ቦርሳ ይዛለች፤ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባለች። ካማላ ከኋላዋ ቆማ ታለቅሳለች። እታለም የማንንም ፊት ሳታይ ወደ ውጭው በር አመራች፤ ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። የኔታም ተነሡ። ወደ ቤታቸው ደጃፍ ሄደው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና መድረኩ ላይ ቆሙ።

«ዋ!»



«እሰይ!» አሉ ረጅሙ ሽማግሌ። «አባት እንዲህ ነው። አስጠንቅቀው ይላኩልን!»

እታለም ባለችበት ቆማለች። ዞራ አየቻቸው። የኔታ መቋሚያቸውን ጥለው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ መዳፋቸው ወደ መሬት ነው፤ ጣቶቻቸው፣ እነዚያ ብዕር የለመዱ ጣቶች፣ ይታጠፋሉ ይዘረጋሉ። ልክ እንደ ካማላ።

«ዋ» አሉ፣ አሁን ድምጻቸው እየተንቀጠቀጠ። «ዋ፣ ልጄ።»

ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። እህቴ በሽማግሌዎቹ መሀል አልፋ ሮጠች፤ መድረኩን ተሻገረች፣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። የኔታ ራሷን ያዙ፤ ሻሿ ላይ፣ ቁስሉ ባለበት በኩል ሳሟት። እማዬ እልልታዋን ለቀቀችው። ካማላ የኛን እልልታ ሞክራ አቃታትና በጭብጨባ ተካችው።

«ኧረ የኔታ!» አሉ ረጅሙ ሽማግሌ። «ምለው የለም እንዴ?»

«ምን አልኳት? ሁላችሁም ሰምታችኋል። ‘ነይ’ አላልኩም። ያልኳት ‘ዋ’ ነው።»

«‘ዋ’ ሲሏት እንዴት ትገባለች ታዲያ?»

የኔታ ቀና አሉ። እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገብቷል፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል።

«እኔ ቅኔ ዘረፍኩ» አሉ። «እሷ ፈታችው።»

ሰዎቹ ጎጃሞች ናቸው፤ ነገር አያመልጣቸውም። ረጅሙ ሽማግሌ ትንሽ አሰቡና «ቅኔውን ነው ባሏን?» አሉ።

«ሁለቱንም» አሉ የኔታ።

መጀመሪያ የሳቁት ጥግ ላይ የነበሩት ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው። ቀጥሎ ረጅሙም ሊቆጡ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንፈቀፈቁ። እማዬ ለመልሱ ያሰበችውን ሁሉ አወጣችና አቀረበች። እታለም በራሷ እጅ አስታጠበቻቸው። በልተው፣ መርቀው፣ ያለ እሷ ወደ ሞጣ ተመለሱ።

የፊልሙን ስም አላውቀውም። የዚያን ሽማግሌ ፊት መጨረሻ ላይ ምን ይመስል እንደነበር እስከ ዛሬ አላየሁም። ገና ፊልም አፍ በፈታበት ዘመን፣ በሩቅ አገር፣ ያንን ሥራ የሠሩ ሰዎች ቢቸና የሚባል ከተማ መኖሩን እንኳ አያውቁም። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነፍሳቸውን በገነት ያኑረው። እህቴን ከደጅ ያስገባት የነሱ ቃል ነው።

«ጨረስኩ፣ እትዬ» አለች ጸጉር ሠሪዋ። ዓይኔን ስገልጥ ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ በራፉ ላይ ቆማለች፤ ሰው በዝቶባት መግባት ፈርታለች። እጄን ዘረጋሁላት።

«ዋ!»

ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ደነገጠች። «ኧረ እትዬ፣ ምን አጠፋች?»

ልጄ ግን እየሮጠች መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች፤ አፍንጫዋንም ጸጉሬ ውስጥ ቀበረች።